በታኅሣሥ የተበሳ ግድግዳ

አብዱሰመድ ከወሎ፣ ከወረኢሉ ተነሥቶ መቐለ ሲከትም መጀመሪያ የተከራየው ጣራው አፈር የሆነ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት የድንጋይ ቤት ነበር። ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት የባና ንግዱ ቀናለት። በበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ብርድ ባለበት አገር ፈላጊው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ከገበያው ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ አንድ ጣልያናዊ ነጋዴ አሠርቶት የነበረ ቤት ገዛ። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ባለ መስታወት ነው። እንደገባ የአገሩን ልጆች ጠርቶ አበላ። እንግዶቹ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ "ማሻአላህ፣ ይኼ ቤት ብርድ ይቅርና ዝንብም አያስገባ" አሉ።

ቤቱ ረጅም ነበር። አንዱ ጣራ ሁለት ቤት ይሸፍናል። ከመሐል ግድግዳው ወዲህ ያለው የአብዱሰመድ ሲሆን ወዲያ ያለው ሳሊህ የሚባሉ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ መጋዘን ነው።

ከአብዱሰመድ ጋር የሚኖሩት ሚስቱ ዘሃራና አክስቱ ኡሙሰልማ ናቸው። ኡሙሰልማ የእናቱ ታላቅ እኅት ናቸው፤ እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቤት ቃላቸው መሬት ወድቆ አያውቅም። እኒህ ሴት ከዓለም ሁሉ የሚፈሩት አንድ ነገር ቢኖር ነፋስ ነው። ጉንፋን ያዘው የተባለውን፣ ቁርጥማት ያሠቃየውን፣ ጎኑን የወጋውን ሁሉ፣ "በር ከፍቶ አድሮ ነው" ይላሉ። ዘሃራ በበኩሏ ክርክር አትወድም። ያመነችበትን ነገር ግን ድምጿን ሳታሰማ ከዳር ታደርሰዋለች።

ኅዳር ሲገባ የመቐለ ብርድ መጣ። ቀን ፀሐይዋ ትለበልባለች፤ ማታ ከሜዳው የሚነሣው ነፋስ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ኡሙሰልማ ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ያዘጋሉ። የመስኮቶቹን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፉ። ወጡ የሚሠራው፣ ውሃው የሚፈላው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ጣልያን ባስለመደው ፎርኔሎ በሚባል የብረት ከሰል ማንደጃ ላይ ነው። "ሙቀቱ ለምን ውጭ ይባክናል?" ይላሉ። የታጠበ ልብስም ከውጭ አቧራ ይጠጣል ተብሎ ከመኝታው በላይ በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰጣል።

አንድ ቀን ሲነጋጋ አብዱሰመድ ግንባሩ ላይ የውሃ ጠብታ አረፈበትና ነቃ። ሌላው ጢሙ ላይ ወደቀ። ተነሥቶ በሩን ከፈተና ሰማዩን አየ። ቁራጭ ደመና የለም።

"ዘሃራ፣ ጣራው ያፈሳል" አለ።

"ዝናብ ሳይኖር ምኑን ነው የሚያፈሰው?"

"እኔ ምን አውቄ። ይኸው ጢሜ ርሷል።"

በማግስቱም ተንጠባጠበ፤ ከዚያም በየቀኑ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የመስታወቱ ውሃ እንደ ዕንባ እየወረደ ከመስኮቱ ሥር ያቁራል። ብርድ ልብሱ ሲዳስሱት እርጥብ ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ መጀመሪያ ነጠብጣብ አወጣ፤ ውሎ አድሮ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ኡሙሰልማ ደረቅ ሳል ያዛቸው። ራሳቸውንም እየፈለጣቸው፣ ከመኝታቸው ሲነሡ ግንባራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው ያስራሉ።

አብዱሰመድ ግንበኛውን ከፋለን ጠራው። ከፋለ የመቐለ ተወላጅ ነው፤ በጣልያን ጊዜ ብዙ ቤት ሠርቷል። መሰላል አቁሞ ወጣና ቆርቆሮውን ከዳር እስከ ዳር፣ ምስማሩን አንድ በአንድ ተመለከተ።

"ሓወይ፣ ዚንጎው ደኅና ነው" አለ ወርዶ እጁን እያራገፈ። በዚያ አገር ወንድሜን ሓወይ፣ ቆርቆሮን ዚንጎ ይሉታል። "ቀዳዳ የለውም።"

"ቀዳዳ ከሌለው ውሃው ከየት መጣ?"

"እሱን እኔም አላውቀው።"

"እንግዲያው ያላየኸው ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ምስማሩን ሁሉ በሬንጅ ድፈንልኝ። ከግድግዳውና ከጣራው መሐል ያለውን ክፍተትም በድንጋይና በጭቃ ድፈነው፤ ጤዛው በዚያ ይሆናል የሚገባው።"

ከፋለ እንደታዘዘው አደረገ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጣራውና በግድግዳው መሐል የብርሃን ጭላንጭል እንኳ አይታይም። አብዱሰመድ ደስ ብሎት ተኛ። ሲነጋ ጣራው ከበፊቱ ብሶ፣ ከዳር እስከ ዳር ጠብታ አንጠልጥሎ አገኘው።

ከሁሉ የከፋው ባናው ነው። አብዱሰመድ ለዓዲግራት ገበያ ያዘጋጀውን እስር ሊያየው ሲፈታ፣ ወደ ግድግዳው የዞረው ወገን ሻግቷል። የሻጋታው ሽታ አፍንጫ ይይዛል። እያራገፈ ፀሐይ ላይ ዘረጋው፤ ከዚያም ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

"ዓይን ነው" አሉ ኡሙሰልማ ከውስጥ እየሳሉ። "ያን ሁሉ ሰው ጠርተህ ግድግዳህን አስዳሰስክ። ዱዓ ይደረግበት።"

ዱዓው ተደረገ። ዘሃራም እጇን ዘርግታ አሚን አለች። በልቧ ግን ሌላ ነገር ይመላለስ ነበር። ጣራው አንድ ነው፤ ቆርቆሮውም ምስማሩም አንድ ነው። ታዲያ የጨው ነጋዴው ወገንስ እንዴት ሆኖ ይሆን? ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

"አቦይ ሳሊህ፣ እንዴት አደሩ?"

"ይመስገን። ደኅና ነሽ ልጄ?"

"የእርስዎ ወገን ጣራ ያፈሳል እንዴ?"

ሽማግሌው ሳቁ። "ቢያፈስ ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራ ነበር? ግቢና እይ።"

ገባች። አሞሌው፣ በግመል ከበረሃ የመጣው የጨው ጡብ፣ እስከ ጣራው ድረስ ተደርድሯል። አንዱን በጣቷ ዳሰሰችው። እንደ አጥንት ደረቅ ነው።

"ጨው እርጥበትን ከሰው በፊት ያውቃል" አሉ ሳሊህ። "ትንሽ ጤዛ ከነካው ያለቅሳል። በዚህ ቤት አልቅሶ አያውቅም።"

ዘሃራ ቀና አለች። በመጋዘኑ በኩል ከጣራው ሥር ያለው ክፍተት አልተደፈነም፤ ድንቢጦች በዚያ ገብተው በዚያ ይወጣሉ። ነፋሱ ከላይ ሲያልፍ ይሰማል። እዚህ የሌለው፣ እነሱ ቤት ግን ያለው ምንድን ነው? ሰው አለ፣ እሳት አለ፣ ድስት አለ፣ የታጠበ ልብስ አለ። ይኼን እያሰላሰለች ቤቷ ስትደርስ ምስሩ በፎርኔሎው ላይ ይንተከተካል። ክዳኑን አነሣችው። ከክዳኑ ሥር ያቆረው ውሃ እጇ ላይ ተንጠባጠበ። ክዳኑን እንደያዘች ቆርቆሮውን አየች፤ ክዳኑን አየች፤ ደግማ ቆርቆሮውን አየች።

ማታ አብዱሰመድ የተረፈውን ባና ለመንገድ ሲያስር አጠገቡ ተቀመጠች።

"ውሃው ከላይ አይደለም የሚመጣው" አለችው። "ከእኛው ነው።"

"ከእኛ ማለት?"

"ከትንፋሻችን፣ ከድስቱ፣ ከልብሱ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና ቆርቆሮው ብርድ ስለሆነ እዚያ ውሃ ይሆናል። መስታወቱም ላይ፣ ግድግዳውም ላይ ያው ነው። የአቦይ ሳሊህ ጨው በዚሁ ጣራ ሥር ደርቆ ተቀምጧል፤ ከላይ ያለውን ክፍተት ስላልደፈኑት ነው። እኛ በደፈንን ቁጥር ባሰብን።"

አብዱሰመድ ገመዱን መሳብ አቆመ። "በታኅሣሥ ቤቴን ልብሳው ነው የምትዪኝ? አገር ሁሉ ይስቅብናል። ደግሞስ አክስቴ? አሁን እንኳ እየሳሉ ነው።"

"የሚያስላቸው እርጥበቱ ነው።"

"በይ ተይው። ከዓዲግራት ስመለስ እንነጋገርበታለን።"

በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ዘሃራ ስንቁን አቀብላ ሸኘችው። አይሆንም ስላላላት እንደ ፈቃድ ቆጠረችው።

ከፋለ ሲጠራ መጥቶ ነገሩን ሰማና ራሱን ነቀነቀ። "ሓፍተይ፣ ባለቤቱ በሌለበት ግድግዳ አልበሳም። ነገ የሚጣላው ከእኔ ነው።"

"ያን ቀን ጣራው ላይ ወጥተህ ቀዳዳ የለውም ብለህ ነበር" አለችው።

"እወ፣ ብያለሁ።"

"እውነትህን ነው። ያስቸገረን እሱ ነው፤ ቀዳዳ የለውም።"

ከፋለ ሳቅ አለ። ወደ ሳሊህ መጋዘን ገብቶ ከጣራው ሥር ያለውን ክፍተትና አሞሌውን አየ። ሲመለስ መዶሻውንና መሮውን ይዞ ነው።

ከፋለ መሰላሉን አቁሞ መውጣት ሲጀምር ኡሙሰልማ ከመኝታቸው ተነሥተው ሥሩ ቆሙ። "ውረድ" አሉት። ከፋለ ወረደ። ወደ ዘሃራ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ልትገድዪኝ ነው?"

"እማማ፣ ይቀመጡ፤ ልንገርዎ።"

"አልቀመጥም። እኔ ልንገርሽ። የባልሽ እናት እሱን በወለደች በሳምንቷ፣ ቤቱ ጨሰ ብላ በሩን አስከፈተች። እምቢ አልኳት፤ አልሰማችኝም። ነፋሱ ገባ። በሦስተኛው ቀን በእጄ ላይ ሞተች። እኔ በር የምዘጋው ቂል ሆኜ መሰለሽ?"

ዘሃራ ይኼን ታሪክ ሰምታ አታውቅም ነበር። አብዱሰመድም ነግሯት አያውቅም። የአሮጊቷን እጅ ይዛ መኝታው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻቸው። ፍራሹ ከሥር ቀዝቅዞ ረጥቧል።

"ነፋስ እንዲመታዎ እኔም አልሻም" አለች። "በሩ እንደተዘጋ ያድራል። የታችኛው መስኮትም ሌሊት አይከፈትም። ቀዳዳው ግን ከሰው ራስ በላይ፣ ከጣራው ሥር ነው የሚሆነው፤ ነፋሱ በላይ ገብቶ በላይ ይወጣል። መኝታዎን ከግድግዳው አርቄ መሐል አደርግልዎታለሁ። አልጋዎም ይደርቃል። ይኼን ፍራሽ ይዳስሱት እስቲ። በዚህ ላይ ተኝቶ ማን ይድናል?"

ኡሙሰልማ ፍራሹን ዳሰሱት። እጃቸውን አነሡና ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት።

"ከሞትኩ ለአብዱሰመድ የምትመልሺለት አንቺ ነሽ" አሉ።

"እሺ፤ እኔ እመልስለታለሁ።"

ከፋለ ወጣ። ከጣራው ሥር፣ በምሥራቁና በምዕራቡ ግድግዳ ላይ፣ ትይዩ ለትይዩ ስንዝር ስንዝር የሚሆን ቀዳዳ በሳ። የራሱን ጭቃና ድንጋይም ከየክፍተቱ መልሶ አወጣ። ሲሚንቶው ሲፈነጠር መንገደኛ እየቆመ ያያል፤ አንዳንዱ ይስቃል። ዘሃራ ማንንም ሳታይ በጓሮው በኩል ዳስ አሠራችና ድስቱንና ፎርኔሎውን ወደዚያ አወጣች። ልብሱን ከውጭ አሰጣችው። የከሰሉ ሽታ ራስ እንዳይፈልጥ፣ ከዚያ ወዲያ ለሙቀት ቤት የሚገባው ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ነው፤ ሊተኙ ሲሉም መልሳ ታወጣዋለች። ጠዋት ፀሐይ ግቢውን ስትሞላ ባለ መስታወቱን መስኮት ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ አውጥታ ታራግፋለች፤ ቤቱ ተናፍሶ ሲያበቃ ትዘጋዋለች።

የመጀመሪያው ንጋት እንደጠበቀችው አልሆነላትም። መስታወቱ አሁንም አላበው። ግድግዳው እንደረጠበ ነው። ጣራው ላይ ያለው ጠብታ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። "ግድግዳው ስንት ሳምንት የጠጣውን በአንድ ሌሊት አይተፋውም" አለች ዘሃራ ለራሷ፤ ሥራዋንም ቀጠለች። የጠቆረውን ግድግዳ በሞቀ ውሃና በአመድ አሸችው፤ ሳጥኑን ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቀችው።

ከቀን ወደ ቀን ለውጡ ታየ። መጀመሪያ ጠብታው ቆመ። ቀጥሎ መስታወቱ ከዳሩ ብቻ የሚያልበው ሆነ። የሻጋታው ሽታ ለቀቀ። አንድ ጠዋት ኡሙሰልማ ከመኝታቸው ተነሥተው ውዱእ አድርገው ሰገዱ፤ ተቀምጠውም ቁርሳቸውን በሉ። ዘሃራ ግንባራቸው ባዶ መሆኑን ልብ አለች። ሻሹ ትራሳቸው ሥር ቀርቷል።

አብዱሰመድ ከዓዲግራት ሲመለስ ወሬው ቀድሞት ገበያ ላይ ጠበቀው፤ "ሚስትህ ቤትህን እያፈረሰችው ነው" ብለውታል። እየተንደረደረ መጣና ከመንገድ ሆኖ ቀዳዳዎቹን አየ። ከፋለ በዚያው ሰፈር የሰው አጥር ይሠራ ነበርና አስጠራው።

"ጭቃ አቡካ" አለው። "አሁኑኑ ድፈነው።"

"እደፍናለሁ" አለ ከፋለ ረጋ ብሎ። "መጀመሪያ ግን ግባና ቤትህን እይ። ከዚያ ድፈን ካልከኝ እደፍናለሁ።"

አብዱሰመድ ገባ። ዘሃራ መሐል ቤት ቆማ ነበር። ሰላም ሳይላት ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ መዳፉን አየው። ወርዶ ግድግዳውን፣ ትቶት የሄደውን የባና እስር፣ ፍራሹን እየዞረ ነካ። የተናደደ ሰው ነበርና ያገኘው ነገር ንዴቱን ቶሎ አላበረደውም።

"ደርቋል፤ ይድረቅ" አለ። "ግን ታኅሣሥ ነው። አክስቴ በዚህ ነፋስ እንዲያድሩ ማን ፈቀደ? ከፋለ፣ ድፈነው።"

ኡሙሰልማ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ "አትንካው" አሉ።

"አክስቴ፣ ነፋሱ . . ."

"ነፋሱ ያለው ላይ ነው፤ እኔ ታች ነኝ። ስንት ቀን አደርኩበት፤ አልነካኝም። አንተ ከመሄድህ በፊት ግን በየጠዋቱ ራሴ ለሁለት ሲሰነጠቅ ነበር የምነሣው። አሁን እስኪ እየኝ።"

አብዱሰመድ አያቸው። ከፋለ ደጃፉ ላይ መዶሻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ሂድ፣ የሰውን አጥር ጨርስ" አሉት ኡሙሰልማ።

ከፋለ ሄደ። አብዱሰመድ ቁጭ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ዘሃራ የእግር ውሃ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አያት።

"ስመለስ እንነጋገራለን ብዬሽ ነበር።"

"ይኸው ተመለስክ፤ እንነጋገር።"

ሊቆጣ አሰበና ሳቁ አመለጠው። ያን ምሽት ስለ ቀዳዳው ሳይሆን ስለ እናቱ አወሩ። ኡሙሰልማ እኅታቸው እንዴት እንደሞተች፣ ሞቷ ነፋስ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን እስከ ዛሬ ቁርጡን እንደማያውቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ተናገሩ። አብዱሰመድ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። በማግስቱ ከገበያ አጣና ገዝቶ መጣና፣ ባናው መሬትም ግድግዳም እንዳይነካ በራሱ እጅ መደርደሪያ ሠራለት።

ነገሩ እዚያ ላይ አላለቀም። ሐምሌ ላይ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ከምዕራብ መጣና በቀዳዳዎቹ ገብቶ የቤቱን ግማሽ አራሰው። አብዱሰመድ፣ "አላልኩም?" አለ። ዘሃራ፣ "አልክ" አለችው። ዝናቡ ሲያባራ ወጥታ ግድግዳውን አየችና ከፋለን አስጠራችው። ከየቀዳዳው በላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ውጭ አዘንብሎ ተከለበት፤ ከውስጥም በገመድ የሚሳብ ትንሽ የእንጨት መዝጊያ ተሠራለት። ወጀብ ሲመጣ ይዘጋል፣ ሲያልፍ ይከፈታል። ገመዱን የሚይዙት ኡሙሰልማ ሆኑ። ሳላቸው አሮጌ ስለነበር ፈጽሞ አልተዋቸውም፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ቀንም ገበያ ድረስ በእግራቸው ወርደው ይመለሳሉ።

በተከታዩ ኅዳር ምንትዋብ የምትባል ጎረቤት መጣች። ባሏ ረታ ከሸዋ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ የሚኖሩትም እንደዚሁ ጣልያን ባሠራው ቤት ነው። "የኛ ቤት ግድግዳ ጠቁሯል፤ ልጆቼ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆነው ነው የሚነሡት" አለች። ዘሃራ ነጠላዋን አነሣች፤ ከፋለንም በመንገዳቸው ይዘውት ሄዱ። ረታ በሩ ላይ ቆሞ ግንበኛውንና መዶሻውን አየ።

"ግድግዳዬን ልትበሺው ነው የመጣሽው?" አላት።

"አይቀርም" አለች ዘሃራ ወደ ውስጥ አልፋ እየገባች። "መጀመሪያ ግን ይኼን ድስት ወደ ውጭ እናውጣው።"